ዘይት የሚጥል አሮጌ ሞተር፦ ከጓርኒሲዮኑ በፊት መተንፈሻውን እዩ

ባለፈው ክረምት አንድ የኩታበር አባት አሮጌ 125 ሆንዳቸውን ይዘው ደሴ ወዳለችው መሥሪያዬ መጡ። ከፍሪሲዮኑ ክዳን በታች ያለው የእግር መርገጫ በዘይት ርሷል፤ የቀኝ ጫማቸውም እንደዚያው።

«አያ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጥለው?» አልኳቸው።

«ተወኝ እስቲ ልጄ። ሦስቴ ጓርኒሲዮን አስቀየርኩ። በተቀየረ ሳምንቱ ደረቅ ይላል፤ ከዚያ እንደ አሮጌ እንስራ ማዣት ይጀምራል።»

ጓርኒሲዮኑን፣ ማለትም በክዳኑ መጋጠሚያ የሚገባውን የወረቀት መድፈኛ፣ አልነካሁም። ከሞተሩ ጀርባ ወደ ታች የተንጠለጠለችውን፣ ጣት የምታህል ጥቁር የመተንፈሻ ቱቦ ነቀልኩና በአፌ ነፋሁባት። አልነፋ አለች። ሽቦ ስሰድባት ከጫፏ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብሎ የደረቀ ጭቃ እየተፈረፈረ ወጣ፤ ከጭቃው ጋር አንድ ነጭ ትልና ጭራሮ የመሰሉ የደረቁ ሸረሪቶች። ጭቃ የምትሠራው ተርብ ልጆቿን አሳድጋበታለች። ቱቦዋን አጠብን፣ ጓርኒሲዮኑን ለአራተኛ ጊዜ ቀየርን፣ ሸኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ የሚመጡት ዘይት ለመቀየር ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥራውን ከየት መጀመር እንዳለበት ልንገራችሁ። የምናገረው ስለ ፎር ስትሮክ ነው፤ ያማሃ ኤጂ 200፣ አሮጌዎቹ ሆንዳዎች፣ ቦክሰርና መሰሎቻቸው። ቱ ስትሮክ የሆኑት፣ እንደ ኤጂ 100 እና አሮጌው ዲቲ፣ የኮሎው ቤት፣ ማለትም ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ ያለበት የሞተሩ ሆድ፣ ነዳጅና አየር የሚያልፍበት ስለሆነ ነገራቸው ሌላ ነው።

ለምን መተንፈስ አስፈለገው?

ባለ አንድ ሲሊንደር 125 ሞተር ፒስተኑ በወረደ ቁጥር ከሥሩ ያለውን 125 ሲሲ ገደማ አየር ወደ ሞተሩ ሆድ ይገፋል፤ በወጣ ቁጥር መልሶ ይስባል። በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሄድ ይህ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይሆናል። አባዙት፤ በየሴኮንዱ ከ12 ሊትር በላይ አየር ወዲያና ወዲህ ይላል ማለት ነው። በዚያ ላይ ፋሻው፣ ፒስተኑን የከበበው ቀለበት፣ ሲያረጅ ከላይ የሚቃጠለው ጋዝ በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ይወርድና ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ የሚወጣው በዚያች በአንዲት ቱቦ ነው። እሷ ከተዘጋች ግፊቱ ደካማ ቦታ ይፈልጋል፤ የማርሽ ፔዳሉ ኦይል ሲል (ዘንጉን የከበበው የጎማ መድፈኛ)፣ የፍሪሲዮን ክዳኑ ሥር፣ የቫልቭ ክዳኑ ኦሪንግ። አንዱን ስትደፍኑ በሌላው ይወጣል። ሰው «ይህ ሞተር እርጉም ነው» የሚለው ያኔ ነው።

መጀመሪያ፦ አጥቡት፣ አድርቁት፣ ዱቄት ነስንሱበት

በዘይትና በአቧራ የተለበጠ ሞተር ላይ ምንጩን በዓይን ማግኘት አይቻልም። ሞተሩ ሲበርድ በላምባ ወይም በናፍጣ በብሩሽ ፈትጉት፣ ከዚያ በኦሞ ውኃ አጥባችሁ አድርቁት። የአየር ማጣሪያውን አፍና የካንዴላውን ኮፍያ ውኃ እንዳይገባባቸው በፌስታል ሸፍኑ። በቤንዚን የሚያጥቡ አሉ፤ በተለይ የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጠገብ እኔ አልመክርም።

ሲደርቅ የሕፃናት ፓውደር፣ ከጠፋም የተፈጨ ጠመኔ፣ በጨርቅ እየነካካችሁ በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ ነስንሱ። ሞተሩን አስነሡና አምስት ወይም ስድስት ኪሎ ሜትር ሂዱ። ተመልሳችሁ ስታዩ ዘይቱ በነጩ ላይ ጥቁር መንገዱን ሥሎ ይጠብቃችኋል። የምታነቡት ከላይና ከፊት ጀምራችሁ ነው፤ ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ነፋስም ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከታች የሚንጠባጠብበት ቦታ ምንጩ ላይሆን ይችላል። ከቴስታታው፣ ከሲሊንደሩ ራስ፣ ያዣ ዘይት በሲሊንደሩ ክንፎች ተንሸራትቶ ከፍሪሲዮኑ ክዳን ሥር ሲንጠባጠብ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

በፒኞኑ፣ ካቴናውን በሚጎትተው ትንሹ ጥርስ፣ ክዳን ውስጥ ያለው ጥቁር ጭቃ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ የወጣ ዘይት ሳይሆን ካቴናው ላይ የተቀባ ቅባት ነው። መጀመሪያ እሱን ጥረጉት፤ በከንቱ ኦይል ሲል እንዳትገዙ።

ሁለተኛ፦ የዘይቱን መጠንና ሽታውን

ይህን እርምጃ የሚዘል ብዙ ነው። ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙት፤ ደሴ ውስጥ ደልዳላ ቦታ መፈለግ ራሱ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። በጎን መቆሚያው ዘንበል ብሎ የሚለካ ዘይት ይዋሻል። ብዙዎቹ አሮጌ ሆንዳዎች ላይ የመለኪያው ዘንግ የሚነበበው ተጠርጎ፣ ሳይጠመዘዝ፣ አፉ ላይ ብቻ አርፎ ነው። ጠምዝዛችሁ ከለካችሁ ከእውነቱ በላይ ያሳያችኋል።

ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ካለፈ ኮሎው ይመታዋል፣ አረፋ ይሆናል፣ በመተንፈሻው ይተፋል። «ትንሽ ጨምርበት፣ አይጎዳውም» የሚለው ምክር ነው ይህን የሚያመጣው።

ሳትጨምሩበት መጠኑ ከፍ ካለ ደግሞ ዘንጉን አሽትቱ። የቤንዚን ሽታ ካለው የካርቡራተሩ መርፌ አይዘጋም ማለት ነው፤ ሌሊቱን የቤንዚን መክፈቻው ክፍት ስላደረ ነዳጁ ወደ ሲሊንደሩ፣ ከዚያም ወደ ዘይቱ ወርዷል። እንዲህ ያለውን ሞተር አታስነሡት። ዘይቱ ውኃ ሆኗል፤ ኩሽኔታውንም ፋሻውንም ይበላል፣ የሚወጣው ተንም እሳት ይጠራል። መርፌውን አስተካክሉ፣ ዘይቱን ቀይሩ፣ ከዚያ በኋላም ማታ ማታ መክፈቻውን ዝጉ።

ሦስተኛ፦ መተንፈሻውን

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ወጪውም ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ቱቦዋን ፈልጉ። በአንዳንዱ ሞተር ከኮሎው ቤት ላይ፣ በሌላው ከቫልቭ ክዳኑ ትነሣለች። በአሮጌዎቹ ወደ ታች ተንጠልጥላ ለአየር ክፍት ናት፤ በኋላ በመጡት ወደ አየር ማጣሪያው ሣጥን ትገባለች።

ንቀሏትና በአፋችሁ ንፉባት። ያለ ምንም ትግል ማለፍ አለበት። ጎንበስ ብላችሁም መንገዷን ተከተሉ፤ ከመቀመጫው ሥር ተጣጥፋ ይሆናል፣ ወይም አንድ ሰው የጭነት ገመድ ሲያስር ከፍሬሙ ጋር ጠፍሮ አስሯት ይሆናል። እንዲህ የታሰረች አይቻለሁ። ጎማው አርጅቶ ውስጡ የተላጠ ከሆነም ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይደፍናል፤ ያንን ጣሉትና ዘይት የሚችል የነዳጅ ቱቦ፣ የውስጥ ስፋቱ ከመጀመሪያው ያላነሰ፣ ግዙ። ከካላማዳሪ፣ ከጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጦ የሠራ ባለሙያ ሥራም አውቃለሁ፤ ዘይት ሲነካው ያብጥና ራሱ ቡሽ ይሆናል።

አሁን ወደ ደሴ ብርድ ልምጣ። ጠዋት ከቤት ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ፣ ተመልሶ ቤት፤ ሞተሩ በደንብ ሳይግል ይጠፋል። ከሚቃጠለው ነዳጅ የሚወጣው የውኃ ተን ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ጤዛ ይሆንና ከዘይቱ ጋር ይናጣል። የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቱ ከሥሩ አሬራ የመሰለ ነጭ ቢጫ ነገር የምታዩት ይህን ነው። ያ አሬራ ወደ ቱቦዋ ይሄድና ይጋገራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሌላው ጊዜ ይብሳል። መድኃኒቱ ቱቦዋን በላምባ ማጠብ፣ ዘይቱን መቀየር፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ሞተሩን ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ ማስሄድ ነው፤ ሲግል ውኃው ተንኖ ይወጣል። ቆላ ያላችሁ፣ የባቲ፣ የከሚሴ፣ የሐርቡ ሰዎች፣ አሬራው አያስቸግራችሁም፤ የናንተ ነገር አቧራና ተርብ ነው። ለክፍት ቱቦ ጫፏን በሰያፍ ቁረጧት፤ ጭቃ ቢነካት እንኳ አፏ ሙሉ በሙሉ አይደፈንም። ቀዳዳው ሰፋ ያለ ቀጭን የሽቦ ወንፊት ብታስሩባት ተርቧ ትታገዳለች። ጨርቅ ግን አትወትፉባት።

ቱቦዋ ወደ ማጣሪያ ሣጥን የምትገባ ከሆነ ከሣጥኑ ሥር የምትወርድ፣ ጫፏ የተደፈነ አጭር ቱቦ ፈልጉ። ዘይትና ውኃ የሚጠራቀምባት እሷ ናት። ብዙ ሰው መኖሯንም አያውቅም። ድፋኗን አውልቃችሁ አፍስሱ፤ በዝናብ ወቅት ቶሎ ቶሎ ትሞላለች። ከሞላች ትርፉ ወደ ማጣሪያው ይሄድና ማጣሪያው በዘይት ይርሳል።

ክፍቷን የመተንፈሻ ቱቦ ስትገጥሙ አፏ ወደ ኋላ ጎማ እንዳያይ አድርጉ። ካቴና ትቀባልኛለች ብለው ወደ ኋላ የሚያዞሯት አሉ፤ ካቴናውን ስትቀባ ጎማውንም ትቀባለች፣ በደሴ–ኮምቦልቻ መንገድ ሐረጎ ጥምዝ ላይ የሚሆነውን እናንተው ገምቱ።

አንዳንድ ባለሙያ ቱቦዋ ላይ አየር እንዲወጣ እንጂ እንዳይመለስ የሚያደርግ ቫልቭ ይጨምራል፤ ከመኪና ፍሬን ሰርቮ ቱቦ ላይ የሚገኘውን ዓይነት። አሠራሩ ትክክል ነው፤ ፒስተኑ ሲወርድ አየሩ ይወጣል፣ ሲወጣ ግን ስለማይመለስ የሞተሩ ሆድ ከውጭው አየር ያነሰ ግፊት ይይዛል፣ ዘይቱም ወደ ውጭ ከመገፋት ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ቆላ ላይ ሲሠራ አይቻለሁ። ደሴ ላይ ግን አልገጥመውም፤ ያ የብርድ አሬራ ቫልቩን ያጣብቀውና ለመተንፈሻነት የገጠማችሁት ራሱ መድፈኛ ይሆናል።

አራተኛ፦ ፋሻው ነው ወይስ አይደለም?

መተንፈሻው ንጹሕ ሆኖም ከጣለ፣ ምናልባት የሚወርደው ጋዝ በዝቷል። ሞተሩ ግሎ በዝግታ ሲሠራ ቀጭን ፌስታል በቱቦዋ አፍ ላይ እሰሩ። በጤነኛ ሞተር ፌስታሉ ትር ትር ይላል፤ ይነፋል፣ ይሸበሸባል። ፋሻው ባለቀበት ግን ወዲያው ተወጥሮ ከበሮ ይሆናል፤ ሳይፈነዳ ፍቱት።

ጭሱም ይናገራል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን ስትወጡ ያለማቋረጥ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ፋሻውን ጠርጥሩ። ከደሴ ቁልቁል ጋዝ ዘግታችሁ ወርዳችሁ፣ ከታች መልሳችሁ ጋዝ ስትሰጡ ብቻ ቡፍ የሚል ከሆነ ግን የቫልቭ ጎማዎቹ ናቸው፤ ጋዙ ሲዘጋ ሲሊንደሩ አጥብቆ ይስባል፣ ዘይቱን በቫልቩ ግንድ በኩል ያወርደዋል። ይህ ሁለተኛው ዘይት ያስበላል እንጂ ሞተሩን ወደ ውጭ አያስጥለውም።

የኮምፕሬሽን መለኪያ ያላችሁ፣ ጋዙን እስከ ጫፍ ከፍታችሁ ማስነሻውን ደጋግማችሁ ምቱ። ነገር ግን መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር በቀጥታ አታወዳድሩ። ያ ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። መጽሐፉ 175 ፒኤስአይ ካለ ደሴ ላይ 130 ገደማ የሚያነብ ሞተር ጤነኛ ነው። ይህን ባለማወቅ ደህና ሲሊንደር ያስቦረቦሩ ሰዎች አሉ። ቁጥሩ ከዚያም በጣም ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቩ።

አምስተኛ፦ አሁን ጓርኒሲዮኑን

መተንፈሻው ተስተካክሎ፣ ዘይቱ በልኩ ሆኖ ከጣለ መፍታት ይገባል። ከመፍታታችሁ በፊት ብሎኖቹን በትንሹ ሞክሯቸው፤ አንዳንዴ የላሉ ብቻ ናቸው።

የክዳን ብሎኖች ቁመት ይለያያል። የክዳኑን ቅርጽ ካርቶን ላይ ሥላችሁ እያንዳንዱን ብሎን በቦታው ሰክታችሁ አስቀምጡ። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ያሰረ ሰው ቀዳዳውን ይሰነጥቃል።

ክዳኑ አልላቀቅ ሲል ካቻቢቴ በመጋጠሚያው አታስገቡ። አሉሚኒየም ነው፤ አንድ ጭረት ማለት ዕድሜ ልክ የሚጥል ቦታ ማለት ነው። በእንጨት ወይም በጎማ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ምቱት። አሮጌውን ወረቀት በላምባ አርሱት፣ ከዚያ ምላጭን ጋደም አድርጋችሁ ፋቁት። ክዳኑ ደልዳላ መሆኑን ለማየት ወፍራም መስታወት ላይ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ዘርጉና ክዳኑን በስምንት ቁጥር ቅርጽ ሁለት ሦስቴ ፈትጉት። ያልነጣ ቦታ ካለ እዚያ ጎድጉዷል፤ ሁሉም እስኪነጣ ቀጥሉ። ስትጨርሱ ብናኙ እንዳይቀር በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት።

አዲሱ ከጠፋ ራሳችሁ ቁረጡት። የጓርኒሲዮን ወረቀት፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ክዳኑ ላይ አንጥፉ። መጀመሪያ የኩሽኔታ ኳስ በሁለት የብሎን ቀዳዳዎች ላይ አድርጋችሁ በመዶሻ ቱክ አድርጉ፤ ወረቀቱ ይበሳል፣ በብሎን ይያዛል። ከዚያ በመዶሻው ክብ ራስ ጠርዙን እየተከተላችሁ ቀስ ብላችሁ ቱክ ቱክ። የክዳኑ ጠርዝ ራሱ ይቆርጠዋል። ይህን የምትሠሩት በተፈታው ክዳን ላይ እንጂ በሞተሩ አካል ላይ አይደለም፤ ቁራጩ ውስጥ ይገባል። የሲሊንደሩን የሥር ጓርኒሲዮን ግን ከካርቶን አትሥሩ፤ ውፍረቱ ኮምፕሬሽኑን ይለውጣል።

ስለ ሲሊኮን አንድ ነገር ልናዘዝ። ሥራውን በጀመርኩ ዓመት የአንድ ሰው ሆንዳ ኤክስኤል ክዳን እንዳይጥል ብዬ ሲሊኮኑን እንደ ማር ቀባሁት። ከውጭ ያማረ ነበር። ወደ ውስጥ የተጨመቀው ግን ተቆርጦ ወደ ዘይት ወንፊቱ ወረደ። ሰውየው የሐረጎን ዳገት እኩሌታ ሳይደርስ ካምሻፍቱ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ዘይት አጥቶ ነከሰ። ካምሻፍቱን ከነቴስታታው ከኪሴ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ባለበት ሲሊኮን አልነካም፤ በወረቀቱ ላይ ስስ ግሪስ ብቻ። ሲሊኮን ግድ ከሆነ፣ ሁለት የሞተር ግማሾች በሚገጣጠሙበት፣ እንደ ክር የቀጠነ ይበቃል።

ብሎኖቹን በመስቀል ቅደም ተከተል ሁለት ዙር አጥብቁ። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው የሚፈልገው። መለኪያ ከሌላችሁ አጭር ቁልፍ በሁለት ጣትና በአውራ ጣት ይዛችሁ አጥብቁ፤ በክንዳችሁ አይሁን።

ስድስተኛ፦ ኦይል ሲል

ፓራኦሊዮ የሚሉትም አሉ። የማርሽ ፔዳሉና የፒኞኑ ዘንግ ሲሎች ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሳይከፈት ይቀየራሉ። ፔዳሉን ፍቱ፤ በሲሉ ፊት ላይ፣ ከዘንጉ ራቅ ብላችሁ፣ አንዲት ትንሽ፣ እንጨት ላይ የምትታሰር የብረት ቪቴ በጥቂቱ አስገቡ፣ ጥልቅ አትሂዱ። ቪቴዋን በፒንሳ ይዛችሁ ስትጎትቱ ሲሉ ይከተላታል። ዘንጉ መጫር የለበትም።

ገበያ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ፊቱ ላይ ሦስት ቁጥር አለ። 20×34×7 ከተባለ ዘንጉ 20፣ የሚገባበት ቀዳዳ 34፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱም ይስማሙ እንጂ «ይሄም ይሆናል» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። ዘንጉ ላይ ጣታችሁን አሳልፉ፤ አሮጌው ሲል ጎድጎድ ያለ መስመር ሠርቶ ከሆነ አዲሱን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ አስቀርታችሁ ግጠሙት፣ ከንፈሩ አዲስ ቦታ ያገኛል። የዘንጉን ጥርሶች በፌስታል ጠቅልሉ፣ ከንፈሩን ዘይት ቀቡ፣ ስፋቱ ከሲሉ ጋር እኩል በሆነ ቡሶላ ቁልፍ ዙሪያውን እኩል እያደረጋችሁ አስገቡ።

የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ከሆነ የሚጥለው፣ ሮንዴላውን ቀይሩ። የመዳብ ሮንዴላ ደጋግሞ ሲጠብቅ ይጠነክራል፤ በእሳት ቀይ እስኪሆን አግላችሁ ብታቀዘቅዙት ይለሰልስና እንደገና ይሠራል። ጥርሱ ከተበላ በቴፕ አትጠቅልሉት፤ አዲስ ጥርስ ይግባለት።

ዘይቱን በተመለከተ፣ እንዳይጥል ብላችሁ የካምቢዮ 90 ዘይት አትቀላቅሉበት። ወፍራም ዘይት በደሴ ጠዋት ወደ ቴስታታው ለመድረስ ይዘገያል። በመጽሐፉ የተጻፈውን፣ ፍሪሲዮኑ በዘይት ውስጥ ለሆነ ሞተር ደግሞ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለበትን ግዙ። የወጣውን አሮጌ ዘይት በጀሪካን አጠራቅሙ፤ ለአጥር እንጨት ምስጥ መከላከያ የሚወስድ አይጠፋም። ቦርከና ወንዝ ውስጥ ብቻ አታፍስሱት።

መፈተኛው

ሲሊኮን ካለበት ሌሊቱን አሳድሩት። ከዚያ ደሴ–ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል፣ ያንኑ ያህል ዳገት። ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም፤ ቁልቁሉ ቫልቩን፣ ዳገቱ ፋሻውንና ግፊቱን ይፈትናል። ኮምቦልቻ ላይ ቁሙና በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ ነጭ ወረቀት አሳልፉ፤ ማርሚታው እጃችሁን እንዳያገኘው።

ቤት ስትደርሱ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፉና የፊት ጎማው የቆመበትን መሬት በጠመኔ አስምሩ። ጠዋት ጠብታ ካገኛችሁ በእስክሪብቶ ክበቧት፣ በቀጥታ ከላይዋ ያለውን ቦታ ጥረጉና ፓውደሩን እንደገና ነስንሱ። ካርቶኑ ሦስት ጠዋት ከደረቀ መሣሪያችሁን ሰብስቡ።